ጆን ኮነርን ለምን ገደላችሁት? ግልጽ ደብዳቤ ከድሬዳዋ

ይድረስ፦ ለተርሚኔተር ፊልም ባለመብቶች፣ ጸሐፊዎችና አዘጋጆች
ግልባጭ፦ ይህን ፊልም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ላየ የድሬ ልጅ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ስድስተኛውን ክፍል፣ «ዳርክ ፌት»ን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ደጋግሜ አስቤ ደጋግሜ ተውኩት። ፊልም ነው፣ ይረሳል አልኩ። አልተረሳኝም። ስድስተኛው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 2012። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን የፊልም ወሬ ሲነሳ፣ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ የባሕር ዳርቻ ነው። አገሩ ጓቲማላ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1998። እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። ከስንት መከራ በኋላ አርፈዋል። ከወደፊት ዘመን የተላከ ሰው መሳይ ገዳይ ማሽን ይመጣል። ልጁን ተኩሶ ይገድለዋል። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው።

ያ ልጅ ጆን ኮነር ነው፤ የሳራ ልጅ፣ ወደፊት ሰውን በማሽኖች ላይ አስተባብሮ የሚመራው። ሁለት ፊልም ሙሉ ሰው የተሰዋለት ልጅ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው። በ12 ዓመቴ ሰፈራችን ያለ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ካሴት አጠነጥናለሁ፣ አግዳሚ እደረድራለሁ፣ በር ላይ 50 ሳንቲም እቀበላለሁ። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው። የድሬን ሙቀት ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል፣ እኛ 60 እና 70 ሆነን እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ እንታጨቃለን። ላቡ ይንቆረቆራል። ማንም አይወጣም።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ፤ መተርጎም። እንግሊዝኛዬ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛ ነበር። ግን ባለቤቱ ታሪኩን አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። የቀረውን ከማየት ብዛት ሸመደድኩት። ከዴኩ፣ ከካሴት ማጫወቻው አጠገብ ቆሜ በአማርኛ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። መሐል ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተቀብሎ በኦሮምኛ ለጓደኞቹ ያቀብላል። ከኋላ ያሉት በሶማልኛ ይነጋገሩበታል። አንድ ንግግር ከፊት ተነስቶ ኋላ እስኪደርስ ሦስት ቋንቋ ይለውጣል። በሦስቱም ቋንቋ ሰው እኩል የሚደነግጥበት ፊልም የእናንተ ሁለተኛው ክፍል ነበር።

እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ያ ካሴት ሕጋዊ አልነበረም። በጅቡቲ በኩል ተቀድቶ የመጣ ነው። የተቀበልኩት 50 ሳንቲም አንዱም እናንተ ጋ አልደረሰም። ይህን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንደ ደንበኛ ገንዘቤን መልሱ ብዬ አልመጣሁም። የመጣሁት ታሪኩን በቃሉ እንደተሸከመ ሰው ነው። ቢያንስ መቶ ጊዜ ተርጉሜዋለሁ። የት ቦታ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያጨበጭብ፣ የት ዓይኑን እንደሚጠርግ አውቃለሁ።

በእኛ ሰፈር አማርኛ የፊልም ጀግና «አክተሩ» ይባላል። አንድ ሕግ ነበረን፦ አክተሩ አይሞትም። ሌላው ሁሉ ይሞታል፣ አክተሩ ይተርፋል። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያ ሕግ ፈረሰ። አርኖልድ፣ በዚህኛው ክፍል ልጁን እንዲጠብቅ የተላከው ማሽን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ቺፕ ሌላ ጥፋት እንዳይወልድ ብሎ የቀለጠ ብረት ውስጥ ይወርዳል። ልጁ አትሂድ እያለ ያለቅሳል። እጁ ብቻ ቀርቶ አውራ ጣቱን ያሳየዋል። እዚያ ጋ መተርጎም አቆም ነበር። የሚተረጎም ነገር የለም። ያ ሁሉ ጩኸታም ጎረምሳ ዝም ይላል። አክተሩ ሞቶም ቢሆን ማንም ተከፍቶ አልወጣም።

ይህን የምነግራችሁ «ጀግና ለምን ይሞታል» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው። ሞት አልከፋንም። ያ ሞት አንድ ነገር ገዝቶልን ነበር። ነገ ገና አልተጻፈም፣ የምንጽፈው እኛው ነን የሚለውን ነገር። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ይህን ጮክ ብዬ ለ70 ሰው ተናግሬዋለሁ። ሲነገር ደግሞ ይታመናል።

እንዴት እንደምናምነው አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ፊልሙ ውስጥ የፍርድ ቀን የተባለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1997 ነው። ስካይኔት የተባለው ኮምፒውተር ነቅቶ ሰውን በኒውክሌር የሚያጠፋበት ቀን። እኛ በአቆጣጠራችን መለስነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 1989 ዓ.ም.። ዓርብ ነበር። ሰዓቱ እንኳ ተነግሯል። ዛሬ ሳሰላው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይሆናል። ያኔ ሰዓቱን ማስላት አልቻልንም፤ ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። ጀመዓው ሁሉ ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተሰበሰበ። እኔ 15 ዓመቴ ነው። ማንም በግልጽ «ፈርቻለሁ» አላለም። የጁምዓ ሶላት ሰው ወጣ፣ ገባ። ጀንበር ጠለቀች። ምንም አልሆነም። ከመሐላችን አንዱ «አዩ አይደል፣ እነ ሳራ አስቀርተውታል» አለ። እንደ ቀልድ አልነበረም የተናገረው። እኔም እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። እየዘለልን ወደ ቤት ገባን።

እ.ኤ.አ. በ2019 እናንተ የገደላችሁት ያን ምሽት ነው።

ስለ ሌሎቹ ክፍሎች ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2003ቱ የፍርድ ቀን አይቀሬ ነው ብላችሁ ቦምቡን አፈነዳችሁት። የ2009ኙ የወደፊቱን ጦርነት አሳየን፤ አመድና ብረት እንጂ የሚወደድ ሰው አላገኘሁበትም። በ2015ቱ ጆንን ራሱን ማሽን አደረጋችሁት፤ ይባስ ብሎ ይህን ምስጢር ፊልሙ ሳይወጣ በማስታወቂያው ላይ ነገራችሁን። ሦስቱንም አየሁ፣ ሦስቱንም ተውኳቸው።

ስድስተኛው ግን ልዩ ነበር። ሦስቱን ርሷቸው፣ ይህ ከሁለተኛው የሚቀጥል ነው አላችሁን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አዘጋጅ ጀምስ ካሜሮን በፕሮዲውሰርነት ተመለሰ። ሊንዳ ሃሚልተን ከ28 ዓመት በኋላ ሳራ ኮነርን ልትሆን መጣች። እኔ ደስታዬን አልችለውም ነበር። የድሮ ጓደኞቼን ደወልኩላቸው። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅቡቲ ነው። «አቦ፣ ተመለሱ እኮ!» አልኳቸው። ፊልሙን እስክናይ ድረስ እንደ ልጅ ነበር የምናወራው።

ከዚያ ያ የባሕር ዳርቻ።

አሁን ስለ ሳራ ልናገር፤ ምክንያቱም ከጆን ይልቅ የተበደለችው እሷ ናት። ደቻቱን ለማታውቁ፦ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለበትም። አሸዋ ነው። ኳስ እንጫወትበታለን፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ንግድ ይካሄድበታል። ጎርፉ ሲመጣ ከተማው ላይ ዝናብ ላይኖር ይችላል። ዝናቡ ከበላይ፣ ደጋው ላይ ጥሎ፣ ውኃው ተሰብስቦ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጣ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ሰፈር እስከ ዛሬ ስማቸው የሚጠራ ልጆች አሉ።

ከዚያ በኋላ የሰፈራችን እናቶች ተለወጡ። በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሥራቸውን ይተዋሉ። ልጅ ይቆጥራሉ። የቤት ካርታና መታወቂያ ያሰሩበትን ላስቲክ ያነሳሉ። ፀሐይ ወጥቶ ሳለ «ከወንዙ ውጡ» ብለው ይጮኻሉ። አንዳንዴ ጎርፉ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ሲቀር ማንም አይስቅባቸውም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሳራ ኮነርን የአእምሮ ሆስፒታል የዘጉባት ይህንኑ በማድረጓ ነው። መጪውን አይታለች፣ ትናገራለች፣ የሚሰማት የለም። ክንዷን አፈርጥማ፣ መሣሪያ ተምራ፣ ልጇን ይዛ ጥፋቱን አስቀረችው። ለእኔ ሳራ ማለት ከ1998ቱ ጎርፍ ጀምሮ የሰፈሬ እናቶች ናቸው። ስለዚህ ያን ትዕይንት ሳይ የታየኝ ይህ ነው። አንዲት እናት ልጇን ከጎርፍ አወጣች። ግንቡ ተሠራ፣ ወንዙ ተገደበ፣ አረፈች። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ «ሌላ ታሪክ ልጀምር ስለሆነ ልጅሽ ይሙት» አላት። የፈለጋችሁት ሐዘኗን ነበር። መራራ፣ ብቸኛ፣ ጠጪ ሴት እንድትሆን ፈለጋችሁ። ያን ለማግኘት አጭሩ መንገድ ልጇን መግደል ሆኖ ታያችሁ።

ሊንዳ ሃሚልተን የተሰጣትን ሁሉ አደረገች። ፊቷ ላይ ያለው ዓመት እውነተኛ ነው። መንገዱ ላይ ከመኪና ስትወርድ እኔም ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ። ግን የሰጣችኋት ሥራ የሌላዋን ልጅ መንገድ መጥረግ ነው።

ሌላዋ ልጅ፣ በዚህኛው ክፍል ማሽኑ የሚያድናት፣ ዳኒ ናት። እዚህ ላይ መልካሙንም መናገር አለብኝ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለው የመኪና ፋብሪካ አጀማመር ጥሩ ነው። ዳኒና ወንድሟ ወደ ሥራ ይገባሉ፤ የወንድሟ ቦታ በማሽን ተይዟል። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ ነገር ድሬ ላይ ይገባናል። የምድር ባቡር ከተማ ነን። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደርሶ ነው ከተማው የተቆረቆረው። ስንት አባት በዚያ ወርክሾፕ ልጆቹን አሳድጓል። አሮጌው ባቡር ሲደክም፣ በኋላም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ፣ የነዚያ ሰዎች የእጅ ሙያ የት ገባ? ሰውን የሚተካ ማሽን ለማስፈራት የግድ ጠብመንጃ መያዝ የለበትም። እናንተ ይህን ይዛችሁ ነበር! አምስት ደቂቃ ያህል ይዛችሁት፣ ከዚያ ለመኪና ግጭት ጣላችሁት። ወንድሟም ወዲያው ሞተ፣ ተረሳ።

የምድር ባቡርን ካነሳሁ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። እዚያ ወርክሾፕ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ፊልም አይወድም። አንድ ቀን ለራት ሊጠራኝ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ መጣ። ሁለተኛው ክፍል እየታየ ነው። ትልቁ የጭነት መኪና ከላይ ዘሎ ውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደረሰ። አባቴ በሩን ይዞ ቀረ። እስኪያልቅ አልተቀመጠም፣ ግን አልሄደም። መንገድ ላይ «ያ መኪና የውሸት አይደለም» አለኝ። «ሲያርፍ አላየህም? ክብደቱ ፊቱ ላይ ወረደ።»

ልክ ነበር። ካደግኩ በኋላ እየፈለግኩ አነበብኩ። መኪናው እውነተኛ ነው። ሄሊኮፕተሩ በእርግጥ በድልድይ ስር በርሯል። የማሽኑን አካል የፊልም ቅርጽ ሠሪው ስታን ዊንስተንና ሰዎቹ በእጃቸው ሠርተውታል። ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ልጁን ሊገድል የመጣው ፈሳሹ ማሽን ዘበኛውን መስሎ ሲቆም፣ ያ የኮምፒውተር ሥራ አይደለም፤ መንትዮች ናቸው። ሁለት ሳራ በአንድ ላይ ስትታይም የሊንዳ መንትያ እህት ቆማለች። መጨረሻው የተቀረጸው በተዘጋ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ጥቅም ላይ የዋለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ሌላ መንገድ በሌለበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ፈሳሹ ማሽን ዛሬም የሚያስፈራው። ያን ማሽን ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ፓትሪክ ሲሮጥ አፉን ዘግቶ ነው፤ ሰው ሲሮጥ ይተነፍሳል፣ እሱ አይተነፍስም። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም።

በስድስተኛው ሁሉም ነገር ይበራል። አውሮፕላን ይሰነጠቃል፣ መኪና ከሰማይ ይወርዳል፣ ከግድብ ላይ ይወደቃል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አጽሙ ለብቻ፣ ፈሳሹ ለብቻ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ግን ምንም አይከብድም። ሰዎቹ ከወደቁበት ይነሳሉ፣ ይሮጣሉ። እኔ መውደቃቸውን አላመንኩም፣ ስለዚህ አልፈራሁላቸውም። አባቴ በሕይወት ኖሮ በሩ ላይ ቢቆም፣ አንድ ደቂቃ አይቶ «ና ራት በርዷል» ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሠራ ያወጣው 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ካሜሮን ሮም ውስጥ ታሞ በትኩሳት ላይ ሳለ ባየው ቅዠት ተነስቶ ጻፈው። ራሱ እንዲያዘጋጀው ብሎ መብቱን በ1 ዶላር ሸጠ። ስድስተኛው ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ፣ ከመላው ዓለም 260 ሚሊዮን አካባቢ ሰበሰበ፤ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲወስዱና የማስታወቂያው ወጪ ሲነሳ ኪሳራ ነው። በዚህ አልተደሰትኩም። ብዙ ሰው የለፋበት ነገር ሲወድቅ ደስ አይልም።

ግን ምክንያቱን ልብ ብላችሁታል ወይ? መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። አንዱ ገዝቶ ከሰረ፣ በጨረታ ተሸጠ፣ ሌላው ገዛ። አዲስ ባለመብት በመጣ ቁጥር አዲስ መጀመሪያ ይፈልጋል። ይህ ታሪክ ደግሞ በሁለተኛው ክፍል ስላለቀ፣ ለመጀመር የግድ መጨረሻውን ማፍረስ አለበት። ስድስተኛው ላይ ስካይኔት ጠፍቷል፤ በቦታው ሊጅን የተባለ ሌላ ኮምፒውተር መጣ። ስሙ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሌጌዎን የሚባለው ነው። ስሙ ተቀየረ እንጂ ጦርነቱ ያው፣ ከወደፊት የሚላከው ገዳይ ያው፣ የምትታደነው ሴት ያችው። ያ ሁሉ መስዋዕት የገዛው የስም ለውጥ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ለዚያ ሁሉ ሰው የተረጎምኩት ውሸት ነበር ማለት ነው።

ጆንን የገደለው ማሽንስ? ቴክሳስ ገብቶ ሚስትና የእንጀራ ልጅ ይዞ መጋረጃ ይሸጣል። ስሙ ካርል ነው። ጸጸት የመሰለ ነገር ተምሯል፤ ለሳራ የሚመጡትን ማሽኖች ቦታ በስልክ መልእክት የሚልክላት እሱ ነው። አርኖልድ በዚህ ዕድሜው በጸጥታ የተጫወተው ደስ የሚል ነገር አለ። ደም የነካ ሰው እንዴት ይኖራል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል። ሳራ እቤቱ ገብታ ስታገኘው ግን ትንሽ ትቆጣለች፣ ከዚያ መኪና ላይ ይሳፈራሉ። የእናት ሐዘን በዚህ ፍጥነት አይነዳም። እኛ አገር ልጅ የገደለ ሰው ይቅርታ እስኪያገኝ ሽማግሌ ስንት ቀን ይመላለሳል፣ ስንት ጊዜ ደጅ ይጠናል። እናንተ ከእራት እስከ ጠዋት ጨረሳችሁት።

የምጠይቃችሁ ነገር አለ። ሰባተኛ የምትሠሩ ከሆነ፣ በመግደል አትጀምሩት። ከኋላችሁ ያለውን ድል ሳታፈርሱ የሚቆም ታሪክ ካላገኛችሁ ተዉት፤ ሁለቱ ይበቁናል። ካገኛችሁ ደግሞ ትንሽ አድርጉት። አንድ ማሽን፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሌሊት። ገንዘቡን ቀንሱት፤ ፍርሃቱ ያኔ ይመጣል። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የጣላችሁትን ወንድም አንሱት። ማሽን ሥራውን የወሰደበት ሰው ያን ቀን ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ይላል? ዛሬ ስለሚያስቡ ማሽኖች ልጆች ሁሉ ስልካቸው ላይ በሚያወሩበት ዘመን፣ እናንተ ከ40 ዓመት በፊት የጀመራችሁት ወሬ ነው። ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ የቆመ የለም።

ቅዳሜ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢያችን ውስጥ አንሶላ ወጥረን ለሰፈር ልጆች ፊልም እናሳያለን። ዘንድሮ አንደኛውንና ሁለተኛውን አሳየኋቸው። ልጆቹ የእኔን ያህል እንግሊዝኛ አያጡም፣ ግን «አንተ ተርጉምልን» አሉኝ። ተረጎምኩ። የቀለጠው ብረት ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው ዝም አልኩ። እነሱም ዝም አሉ። መብራት ስናበራ የእህቴ ልጅ «ክፍል ሦስት መቼ ነው?» አለችኝ። «አልቋል» አልኳት። ስልኳን አውጥታ ስድስት መሆናቸውን አሳየችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ስድስተኛውን እስካሁን አላሳየኋትም።

አንሶላው አሁንም ይወጠራል። ሰባተኛ ከሠራችሁና ጆንን ካከበራችሁት፣ በዚህ ጊዜ ከፍዬ አመጣዋለሁ፣ እንደ ድሮው ፊት ቆሜም እተረጉመዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ
ድሬዳዋ፣ ደቻቱ